«እሺ» ስላሉ ተስማሙ ማለት አይደለም፦ ስለ ሐበሻ ታካሚዎችና ስለ እንጀራ ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሦስት ሰው ደረሰኝ። አንዷ እህቴ ናት፤ «አንቺን የሚሰድብ መሰለኝ፣ አንብቢው» ብላ ነው የላከችልኝ። ጸሐፊው እዚሁ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በሥነ ምግብ ሙያ የሚሠራ ወንድማችን ነው። ሐበሻ የስኳር ታማሚዎችን ሲመክር ዓመታት እንዳሳለፈ ይናገርና ምሬቱን ይዘረግፈዋል። ባጭሩ የሚለው ይህን ነው፦ ታካሚዎቻችን ፊት ለፊት እሺ ይሉና ቤታቸው ሲገቡ ያሻቸውን ያደርጋሉ። የችግሩ ሁሉ ሥር እንጀራ ስለሆነ ቁርጥ አድርጎ መከልከል ነው። ጾም የእምነት ጉዳይ ስለሆነ ባለሙያ አፉን ባያስገባበት ይሻላል። እንግሊዝኛ የማይችል ልጁን ይዞ ይምጣ፣ ወይም በአማርኛ የተተረጎመ ወረቀት ይሰጠው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሐበሻን ሐበሻ ቢያክመው ነው። የባህል ግንዛቤ የሚሉት ነገር ደግሞ ሃያ ደቂቃ ለተሰጠው ሰው ቅንጦት ነው።

እኔ የሥነ ምግብ ባለሙያ አይደለሁም፣ የሕክምና አስተርጓሚ ነኝ። እንጀራዬ በሁለት ሰዎች መካከል ተቀምጦ የአንዱን ቃል ለሌላው ማድረስ ነው። ወንድሜ ከጠረጴዛው ወዲያ ሆኖ ያየውን እኔ ከመሃል ሆኜ አይቼዋለሁ፤ ታካሚው ወጥቶ ሊፍት ሲጠብቅ የሚናገረውንም እሰማለሁ። የማወጋቸው ሰዎች እንዳይታወቁ አንዳንድ ነገር ቀያይሬያለሁ። የጸሐፊው ንዴት ከመቆርቆር እንደመጣ ያስታውቃል። ጣቱን የቀሰረበት ቦታ ነው የማይዋጥልኝ።

ከእሺው ልጀምር።

አንድ ጊዜ ስልሳዎቹን ያጋመሱ እናት አጠገብ ተቀምጫለሁ። ከፊታችን ያለችው ባለሙያ ወጣት አሜሪካዊት ናት፤ ትሑት፣ ፈገግታዋ የማይጠፋ። ለቁርስ እንቁላል፣ ወፍራም እርጎ፣ ከተፈለገም ጥቂት አጃ እያለች ታስረዳለች። እናታችን በየዓረፍተ ነገሩ «እሺ የኔ ልጅ»፣ «እሺ፣ እግዜር ይስጥሽ» ይላሉ። እኔም ያንኑ በእንግሊዝኛ አደርሳለሁ። ባለሙያዋ ኮምፒውተሯ ላይ ጻፈች። ምን እንደጻፈች ባላይም ታካሚዋ ተስማምተዋል ብላ መሆን አለበት። ኮሪደሩ ላይ ስንደርስ እናታችን ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «ምን ታድርግ ልጅ ናት፤ ሁዳዴ መግባቱን በምን ታውቃለች?» አሉኝ።

ወንድሜ ይህን ውሸት ይለዋል። ውሸት አይደለም። በእኛ ቤት «እሺ» ብዙ ጊዜ «ሰምቼሻለሁ፣ አክብሬሻለሁ» ማለት ነው፤ «አደርገዋለሁ» የሚለው ገና ሌላ ጉዳይ ነው። ደግሞ ይሉኝታ አለ። ልትረዳኝ ደፋ ቀና የምትል ልጅ ፊት «አይ፣ ይሄ ለእኔ አይሆንም» ማለት ለእኚያ እናት ከስኳሩ በላይ የሚከብድ ነውር ነው። ይልቅ እሺ ብሎ መውጣት። ጥያቄው ራሱ ከእሺ ሌላ መውጫ አልሰጣቸውም፦ «ገባዎት?» እሺ። «ይሞክሩታል?» እሺ። ወንድሜ አማርኛ ተናጋሪ ሆኖ ሳለ ይህን ማጣቱ ነው የገረመኝ።

መፍትሔው ብርቅ አይደለም። የሕክምና ትምህርት ቤቶች ራሳቸው የሚያስተምሩት ዘዴ አለ፦ ታካሚው የሰማውን በራሱ ቃል መልሶ እንዲናገር መጠየቅ። «ቤት ሲገቡ ለልጅዎ ዛሬ ምን ተባልኩ ብለው ነው የሚነግሯት?» ለዚህ ጥያቄ እሺ ብሎ መመለስ አይቻልም። ከዚያም የሚቀድም አለ። አርተር ክላይንማን የተባለው የአእምሮ ሐኪምና የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው ጽሑፍ ሐኪሞች ታካሚን እንዲጠይቁ ያቀረባቸው ቀላል ጥያቄዎች አሉ፦ ሕመምዎን ምን ብለው ይጠሩታል? ምን አመጣብኝ ይላሉ? ለምን በዚያን ጊዜ ጀመረ? በጣም የሚያስፈራዎት ምኑ ነው?

እነዚህ ጥያቄዎች በአማርኛ ሲጠየቁ የሚመጣውን መልስ ወንድሜ ቢሰማው ደስ ባለኝ። «ስኳሩ የጀመረኝ ወንድሜን የተረዳሁ ቀን ነው። በድንጋጤ ነው» ያሉኝ ብዙ ናቸው። መርዶ ያመጣብኝ በሽታ ነው ብሎ ለሚያምን ሰው የዳቦ ቁራጭ ቆጠራ ከየት መጣ የማይባል ወሬ ነው። ሌላው ደግሞ የበሽታውን ስም ቃል በቃል ይይዘዋል። «ስኳር» ነው የተባልኩት፣ ስኳር ትቻለሁ፤ ሻዬን ያለ ስኳር ነው የምጠጣው፤ ታዲያ ምን አጠፋሁ? ጠጋ ብላችሁ ስትጠይቁት ጠዋት ሁለት ዳቦ በማር፣ ማታ አንድ ጠርሙስ የብርቱካን ጭማቂ አለ። ማር እኮ ተፈጥሮ ነው! ይህ ሰው ምክር አልናቀም፤ በነገሩት ስም ልክ እየታዘዘ ነው።

ጽሑፉ ያልነካው አንድ ነገር እዚህ ላይ ጣል ላድርግ፦ ክብደት። ባለሙያው አምስት ኪሎ ቢቀንሱ ይላል። ታካሚዋ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ «ምነው ከሳሽ? ምን ሆንሽ?» የሚላት ሰልፍ ይጠብቃታል። ሲወፍር «ተመችቶሃል» በሚባልበት አገር ላደገ፣ ይልቁንም የኤድስ ዘመን ሹክሹክታን ለሚያስታውስ ትውልድ፣ መክሳት ምስጋና የለውም። ክብደት መቀነሷን ለሰው እንዴት እንደምታስረዳ ያልተነጋገረ ምክር በመጀመሪያው ሰንበቴ ላይ ይፈርሳል።

ወደ እንጀራው። እንጀራን ሥረ መሠረት ያደረገው ክርክር በአንድ የታወቀ ታሪክ ፊት አይቆምም፤ በቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን ታሪክ። እ.ኤ.አ. ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ በሱዳን በኩል በዘመቻ ሙሴ ብዙዎች ገቡ፤ ከዚያም በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ እስራኤል ገባ። አብዛኞቹ ከጎንደር ገጠር የመጡ እንጀራ በሎች ናቸው። የእስራኤል ሐኪሞች አዲስ ገቢዎቹን ሲመረምሩ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ከስንት አንድ የሚገኝ ነበር። ዓመታት ሲቆጠሩ ግን በሽታው በፍጥነት ጨመረ። እንጀራውንማ ይዘውት ነው የመጡት። የተለወጠው በዙሪያው ያለው ነው፦ ነጭ ዳቦው፣ ለስላሳው፣ ጣፋጩ፣ ከእርሻና ከእግር መንገድ ወደ ሊፍትና አውቶቡስ መዛወሩ። እንጀራው ራሱም ተለውጧል፤ ወደ ዱቄቱ እመለሳለሁ።

እዚያ የተደረገውም መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1998 በሃዴራ ከተማ ሂሌል ያፌ ሆስፒታል ትሠራ የነበረችው የስኳር ሐኪም አናት ያፌ «ጤነ ብሪዑት» የተባለ ድርጅት መሠረተች። በዕብራይስጥ የመጀመሪያው ቃል ቅርጫት፣ ሁለተኛው ጤና ማለት ነው፤ ለእኛ ጆሮ ግን የመጀመሪያውም «ጤና» ይላል። ይህን የቃል ጨዋታ እወደዋለሁ። ድርጅቱ ከማኅበረሰቡ የወጡ ሰዎችን አገናኝ አድርጎ ትምህርቱን በአማርኛና በሚታወቀው ምግብ ሰጠ። ጉዳዩ እንጀራን ከማዕድ ማባረር አልነበረም።

ዱቄቱን በተመለከተ፦ እዚህ አሜሪካ የቀደሙት ስደተኞች ጤፍ ስላላገኙ በገበያ ካለ የስንዴ ዱቄት፣ አንዳንዶቹም በራሱ ከሚነፋው የኬክ ዱቄት፣ እየቀላቀሉ ጋገሩ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዌይን ካርልሰን የተባለ አሜሪካዊ በኢዳሆ ጤፍ ማምረት ጀመረ። ኢትዮጵያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ያልተዘጋጀ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይላክ ከለከለች። እስከ ዛሬ ድረስ በየሱቁ በላስቲክ ተጠቅልሎ የሚሸጠው «እንጀራ» ስንዴ፣ ገብስ ወይም ሩዝ ያለበት ብዙ ነው። ስለዚህ «እንጀራ ይበላሉ?» የሚል ጥያቄ ምንም አይጠይቅም። ከምን የተጋገረ? የት የተገዛ? ስንት? ከምን ጋር?

«ስንት» ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የአሜሪካ ባለሙያዎች የሚወዱት የሳህን ዘዴ አለ፦ 23 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚሰፋ ሳህን፣ ግማሹ አትክልት፣ ሩቡ ፕሮቲን፣ ሩቡ እህል። የእኛ እንጀራ ራሱ ሳህን ነው! ከዚያ ሳህን እጥፍ ገደማ ይሰፋል፣ ከሥር ተነጥፎ ይበላል፣ ወጥ የጠጣው ደግሞ መጨረሻ ላይ ይጣፍጣል። ምስር ወጡና ሽሮው ከየትኛው ሩብ ይግባ? ፕሮቲንም እህልም ነው። አራት ሰው አንድ ትሪ ከቦ፣ በመካከሉ ጉርሻ እየዞረ፣ «ስንት በሉ?» ሲባል ሰውየው የሚያቅማማው ሊደብቅ አይደለም። እውነትም አያውቀውም።

ለብቻው ቆርጦ ይብላ ማለት ለወረቀት ቀላል ነው። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል ላደገ ሰው ግን በቤተሰቡ መሃል የራሱን ሳህን ይዞ መቀመጥ መገለል ይመስለዋል። የተሳካላቸውን አይቻለሁ፤ ያንን ያደረጉት ቤተሰቡን ጠርተው ነው። አንዲት ባለሙያ ሚስትየውን «ትሪው ላይ የጎመኑ ቦታ ቢሰፋስ? የሚጨመረው ጥቅል እንጀራ ቢቀርስ?» ብላ ጠየቀቻት። ትሪው አልተነሣም፣ ሰውየውም አልተገለለም። ሌላዋ በጥቅል ነው የቆጠረችው፦ «ከትሪው ሌላ ስንት ጥቅል ያነሣሉ?» አለች። ለዚህ ሁሉም ሰው መልስ አለው።

ሦስተኛው የጾም ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ወንድሜ በአክብሮት ስም ሰው ለአደጋ የሚያጋልጥ ምክር ሰጥቷል። ባለሙያው ስለ ጾም አይናገር ይላል። የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት 180 ቀን ገደማ ይጾማል፤ ካህናትና መነኮሳት እስከ 250። ሁዳዴ ብቻ 55 ቀን ነው። የግማሽ ዓመት አመጋገቡን ሳትነካ ስለ ምን ልትመክረው ነው? በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ የማይቀምስ ሰው ጠዋት እንደ ግሊፒዛይድ ያለ ስኳር የሚያወርድ ክኒን ወይም ኢንሱሊን ከወሰደ ስኳሩ ወርዶ መኪና እየነዳ ሊወድቅ ይችላል። ይህን አለመጠየቅ ጨዋነት አይደለም።

የላቦራቶሪው ቁጥርም ከጾሙ ጋር ተጣብቋል። ኤ-ዋን-ሲ የሚባለው ምርመራ የሁለትና የሦስት ወር የስኳር መጠን ነው የሚያሳየው፣ የቅርቡን ወር አብልጦ። በፋሲካ ሰሞን የተቀዳ ደም በአብዛኛው የሁዳዴ ታሪክ ነው፤ ሽሮ፣ ፓስታ፣ ዳቦ በሻይ፣ ያለ እንቁላልና ያለ ወተት። ባለሙያው ይህን ካላወቀ «ባለፈው ጥሩ ነበሩ፣ አሁን ምን ነካዎት?» ብሎ ይገሥጻል። ቢያውቅ ኖሮ ከጾሙ በፊት ስለ ሽምብራ፣ ስለ ባቄላ፣ ስለ ተልባና ስለ ጎመን ይነጋገሩ ነበር።

ወንድሜ የሚፈራው «ጾሙን ይተዉ» ማለትን ከሆነ እስማማለሁ፣ እንዲህ ማለት የባለሙያው ሥልጣን አይደለም። ግን መንገድ አለ። ቤተ ክርስቲያናችን የታመመን በንስሐ አባቱ ምክር ታቀልለታለች፤ ቁርኣንም በሁለተኛው ምዕራፍ፣ በአንቀጽ 184 እና 185፣ ለታመመና ለመንገደኛ በሌላ ቀን እንዲተካ ፈቅዷል። «ከንስሐ አባትዎ ጋር ተነጋግረውበት ያውቃሉ?» ብሎ መጠየቅ እምነት ውስጥ መግባት አይደለም። አንዳንዱ ታካሚ ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ የኖረ ይመስላል። ጸበል የሚጠጣውን፣ አብሽ የሚዘፈዝፈውን፣ ሞሪንጋ የሚያፈላውንም እንዲሁ፦ «መድኃኒቱን አቁመው ነው ወይስ ጨምረው?» እዚህች ጥያቄ ላይ ነው ሕይወት የሚንጠለጠለው፤ በቁጣ ከተጠየቀች ደግሞ መልሷ የታወቀ ነው።

ልጅ ያስተርጉም የሚለውን በአጭሩ ልለፈው፤ የሕግ ጉዳይ ነውና። እ.ኤ.አ. የ2010ሩ የአሜሪካ የጤና ሽፋን ሕግ ክፍል 1557 እና ደንቦቹ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል የጤና ተቋም ለአቅመ አዳም ባልደረሰ ልጅ እንዳያስተረጉም ይከለክላሉ፣ ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር። ብቃት ያለው አስተርጓሚ በነጻ የማግኘት መብት አለ። በዲሲም እ.ኤ.አ. የ2004ቱ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ በከተማው መሥሪያ ቤቶች አማርኛን ከስድስቱ ቋንቋዎች አንዱ አድርጎ ያስተናግዳል። ከሕጉ በላይ ግን ይቺን አስቡ፦ የአሥር ዓመት ልጅ መሃል ተቀምጦ እናቱ «ወሩ ከማለቁ በፊት ምግብ ያልቅባችኋል?» ተባሉ። «ኧረ ሞልቶናል» አሉ። ልጁ ሲወጣ ነው ፉድ ስታምፑ (የመንግሥት የምግብ ድጎማው) በሦስተኛው ሳምንት እንደሚያልቅ የነገሩኝ።

የተተረጎመው ወረቀትስ? ወረቀት እወዳለሁ፣ ወረቀት እተረጉማለሁ። ግን ወረቀት ብቻውን ምን እንደሚሠራ ልንገራችሁ። በአንድ ክሊኒክ ለደም ምርመራ «ጾመው ይምጡ» የሚል የአማርኛ ማስታወሻ ይሰጥ ነበር። አንድ አባት ዳቦ በሻይ ቀማምሰው መጡ፤ ሥጋና ወተት ግን አልነኩም። ጾመዋላ! «ምንም ሳይበሉ፣ በባዶ ሆድ» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ሁለተኛ ቀጠሮ፣ ሁለተኛ የእረፍት ቀን አይባክንም ነበር።

ሰዓቱም አለ። «ክኒኑን በ8 ሰዓት ከምግብ ጋር» ተብሎ ቁጥሩ እንዳለ የተገለበጠ ወረቀት አይቻለሁ። በእኛ አቆጣጠር ስምንት ሰዓት ምሳ ካለፈ በኋላ ነው። የተጻፈው ለጠዋት ሁለት ሰዓት ነበር። ታካሚው ሲጠየቅ «በሦስት ሰዓት ነው የምበላው» ይላል፤ ያልጠረጠረ አስተርጓሚ እንዳለ ካደረሰው በፋይሉ ላይ ከቀትር በኋላ ሦስት ሰዓት ተብሎ ይቀራል። ደግሞ ስንቶቻችን ነን በትምህርት ቤት ምግብን ኃይል ሰጪ፣ ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ ብለን የተማርነው? ካርቦሃይድሬትን «ኃይል ሰጪ ምግብ» ብሎ የተረጎመ ወረቀት «ኃይል ሰጪ ምግብ ይቀንሱ» ሲል ቀኑን ሙሉ ቆሞ ለሚሠራ ሰው «አቅም ይጡ» እያለው ነው። እኔ አሁን «እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ድንች» ብዬ በስማቸው መጥራቱን መርጫለሁ። ረዘም ይላል፣ ግን ይገባል።

ሐበሻን ሐበሻ ያክም የሚለው ልቤን ይነካዋል፣ ደግሞም ባለሙያዎቻችን ቢበዙ እልል ነው። ግን «ሐበሻ» ሲባል አማርኛ፣ ትግርኛ፣ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪው፣ የገጠሩ፣ የከተማው፣ ጿሚው፣ የማይጾመው ሁሉ ነው፤ አዲስ አበባ ያደገ ባለሙያ የገጠሩን እናት ጓዳ አውቀዋለሁ ብሎ ሳይጠይቅ ሊያልፍ ይችላል። የማያውቅ አሜሪካዊ ቢያንስ ይጠይቃል። ሌላው ወሬ ነው። አንዳንድ ታካሚዎች በሩን ከፍተው ሲገቡ ሐበሻ ፊት ካዩ ይጨነቃሉ፤ ዕድር ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ላይ ይገናኛሉና። «ከሌላ ከተማ በስልክ የሚያስተረጉም ሰው አምጡልኝ» ብለው እኔን ያስወጡኝም አሉ። አልተቀየምኩም። ትንሽ ተቀይሜ ነበር፣ አለፈልኝ።

የቀረው የሃያ ደቂቃው ጉዳይ ነው። ጊዜ ማጠሩ እውነት ነው፤ የባህል ዝርዝር ሸምድዶ መምጣትም አያዋጣም። ሜላኒ ተርቫሎን እና ጃን መሪ-ጋርሲያ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1998 በጻፉት ጽሑፍ ተናገሩት፤ የሰውን ባህል ጨረስኩ ከሚል ሐኪም አላዋቂነቱን አውቆ የሚጠይቅ ይሻላል አሉ። መጠየቅ ደግሞ ወንድሜ እንዳሰበው ሰዓት አይፈጅም።

አንድ ሰው ነበሩ፣ ማታ ማታ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ የሚሠሩ። ሦስት ጊዜ ተመክረዋል፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ እንጀራ። አራተኛዋ ባለሙያ ኮምፒውተሯን ገፋ አድርጋ፣ «ትናንት ማታ ከማን ጋር በሉ?» አለቻቸው። ሰውየው ሳቁ። «ከማን ጋር እበላለሁ? ብቻዬን፣ በዚያች ሳጥን ውስጥ» አሉ። እንጀራ የሚቀምሱት በሳምንት ሁለቴ፣ ቤት በሚውሉበት ቀን ነው። ሌላው ሌሊት ከማዶ ካለው ሱቅ ዳቦ፣ ሦስት ስኳር ያለው ሻይ፣ እንቅልፍ ሲያዳፋ ደግሞ አንድ ትልቅ ለስላሳ። ለስላሳው በውኃ እንዲተካ፣ ሻዩ ወደ አንድ ስኳር እንዲወርድ፣ ከቤት በትንሽ ዕቃ ሽሮ ወይም ጎመን፣ ከዚያ ሌላ አንድ ሲኒ የገብስና የሽምብራ ቆሎ እንዲይዙ ተስማሙ። ቆሎውን ያነሡት እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው እንደምትቆላው፣ ከእናታቸው የተማረችው መሆኑንም ጨምረው ነገሩን።

ሰዓቴን አየሁ። ሁለት ደቂቃ ተርፎ ነበር፤ ባለሙያዋ «ቆሎ» የሚለውን ቃል ፋይሉ ላይ እንዴት እንደምትጽፈው ጠየቀችኝ።